ዱላው ማን ጋር ነው?

ሙሀመድኑርን አገሩ «ወፍጮው» ይለዋል። አንዴ ከተነሳ አይቆምምና።

ሥራው የከብት ድለላ ነው። እሑድ እሑድ ሰንበቴ ገበያ ላይ ከቆላ ግመልና ፍየል ነድቶ የሚመጣውን አፋርና ከደጋ የሚወርደውን ገበሬ እጅ ለእጅ የሚያጨባብጠው እሱ ነው። እዚያ አፉ እንጀራው ነው። በአማርኛ ይጀምራል፣ በኦሮምኛ ያዋዛል፣ በአፋርኛ ይምላል። የበሬውን ከንፈር ሳይገልጥ ዕድሜውን ይናገራል። ሻጩ ሳይስማማ «መብሩክ!» ብሎ ይጮኻል፤ ሻጩም ግራ ገብቶት ይስማማል።

ከሰንበቴ ውጭ ግን ያው አፍ ጠላቱ ነው። ለቅሶ ቤት ገብቶ ሟቹ ከማን ጋር ተጣልቶ እንደነበር ያነሳል። ሰው ቃሉን ሳይጨርስ ይጨርስለታል። ለውዱእ ውሃ ሊቀዳ ወጥቶ፣ መንገድ ላይ ያየውን ጥጃ ሲከተል ዙሁር ያመልጠዋል። ክፋት የለበትም። ሐሳቡ ምላሱን ይነዳው ወይም ምላሱ ሐሳቡን፣ እሱም አያውቀው።

እቤቱ ውስጥ የሟች እህቱ ልጅ ኢክላስ አለች። ዕድሜዋ ከሃያ አልፏል። ኢክላስ የራሷ ዓረፍተ ነገር የላትም። ትናገራለች፤ ግን የምትናገረው ሁሉ አንድ ቀን ሌላ ሰው ያለው ነው። ሲርባት ከሚሴ ምግብ ቤት እንደሰማችው አስተናጋጅ፣ «አንድ ፍርፍር፣ ቶሎ በል!» ትላለች። ሲያማት የነርሷን ቃል ታመጣለች፤ «አይዞሽ፣ ቁንጥጫ ናት» ትላለች። ካለችበት መሄድ ስትፈልግ እንደ ሚኒባስ ተሳፋሪ «ወራጅ አለ!» ነው የምትለው። አንድ ጊዜ ኒካህ ሲታሰር መሐል ላይ «ወራጅ አለ!» ብላ ድንኳኑን በሳቅ ጣለችው። ያልሳቀው ሙሽራው ብቻ ነበር።

ሙሀመድኑር ደሴ ሐኪም ዘንድ ወስዷት ነበር። ሐኪሙ፣ «ኦቲዝም ይባላል። ጂንም አይደለም፣ ዕብደትም አይደለም። አእምሮዋ ነገር የሚይዝበት መንገድ ሌላ ነው» አለው። ከዚያ ወዲያ የተናገረው ሙሀመድኑር ነው። ስለ ኢክላስ ጀምሮ፣ ስለ እናቷ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ደሴ ብርድ፣ ስለ አንዲት የወተት ላም አወራ። ሐኪሙ አዳመጠ፣ አዳመጠና ሳቀ። «አንተም ብትመረመር ስም አታጣም» አለው። ሙሀመድኑር በእሑዱ ሰንበቴን ሙሉ፣ «ለሷም ስም አለው፣ ለኔም ስም አለው!» እያለ ዞረ።

አገር ቤት ግን ስም ብቻውን አይሠራም። የሚያውቅህ ሰው ያስፈልግሃል። ኢክላስን የሚያውቃት ሙሀመድኑር ነበር። የተዋሰቻቸውን ቃላት ከየት እንዳመጣቻቸው፣ ስትላቸውም ምን ማለቷ እንደሆነ ለይቶ ያውቃል። ሌላውን ሁሉ ይረሳል፣ ይህን አይረሳም።

ከነዚያ ቃላት አንዱ ነው ጣጣውን ያመጣው።

ባለፈው ረመዳን ሚስቱ ረቢአ ለማፍጠሪያ ወጥ ጥዳ፣ «አደራ፣ ዓይንህን እንዳታነሳ» ብላው ጎረቤት ደረሰች። በደጅ አንዲት ጊደር አለፈች። ረቢአ ስትመለስ ወጡ ከሰል ሆኗል፣ ባሏ መንገድ ላይ ቆሞ ስለ ጊደሯ ጡት ያወራል። ጮኸችበት። እሱም ጮኸ። ኢክላስ ጥግ ላይ ጆሮዋን በመዳፏ ደፍና መወዛወዝ ጀመረች። በመጨረሻ ሙሀመድኑር፣ «እኔ ነኝ ያቃጠልኩት፣ በቃ!» አለ። ረቢአ ባሏ እንዲህ አጥሮ ሲናገር ሰምታ አታውቅም። ደንግጣ ዝም አለች፤ ቆይታም ሳቀች። ቤቱ ጸጥ አለ። ኢክላስ እጇን ከጆሮዋ አወረደች።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው በጮኸ ቁጥር ኢክላስ፣ «እኔ ነኝ ያቃጠልኩት፣ በቃ!» ትላለች። ጩኸቱን ተዉት ማለቷ ነው። ሌላ ትርጉም የለውም።

በጥር፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የቃሲም የአገዳ ክምር ተቃጠለ።

ቃሲም ጎረቤታቸው ነው፤ ጨፋ ላይ የሚያርስ ቁም ነገረኛ ሰው። ክምሩ ከማሽላው አጨዳ የተረፈ፣ በሬዎቹን ክረምት ድረስ የሚያሻግር መኖ ነበር። ኢክላስ ክምሩን ትወደዋለች። ትሄድና ጉንጯን ታስደግፈዋለች፤ ነፋሱ በደረቁ አገዳ መሐል ሲያልፍ ታዳምጣለች። ማንም ከልክሏት አያውቅም። ያን ዕለት የቃሲም ሚስት ዓዲላ ጭስ አይታ ስትሮጥ፣ ከእሳቱ ፊት ቆማ ያገኘቻት እሷን ነው። ዓዲላ ኡኡ አለች። ሰው ተሰበሰበ፣ ኡኡታው በዛ። ኢክላስ ጆሮዋን ደፍና፣ «እኔ ነኝ ያቃጠልኩት፣ በቃ! እኔ ነኝ ያቃጠልኩት፣ በቃ!» አለች።

አገር ሰማ።

ሙሀመድኑር ያን ጊዜ ከሚሴ ነበር። ሲደርስ ክምሩ አመድ ሆኗል፣ ነገሩም ወደ አበጋሩ ሄዷል። የተጣላ የሚታረቀው፣ የተበደለ የሚካሰው አበጋሩ ፊት ነው። ፖሊስ ጣቢያ የሚኬደው አበጋሩ ካቃተው ነው።

በቀጠሮው ቀን ጠዋት ረቢአ ባሏን ቁጭ አድርጋ እንደ ቁርአን ደረሳ ታስጠናው ጀመር።

«ሕጉን ንገረኝ።»

«ዱላ ያልያዘ አይናገርም።»

«የተናገረስ?»

«ከዋርካው ጥላ ይወጣል። የዚያን ቀን ቃሉ አይሰማም። ግን ረቢአ፣ ቃሲም የሌለ ነገር ቢናገርስ? ወይ ያ ልጁ፣ ያ ሪድዋን፣ ባሻሻጥኩላቸው ጊደር ጊዜ እንኳ ጥርሷን አይቶ የተቀበለ ሰው መሃን ናት ብሎ...»

«ይኸው! ገና ከቤት ሳትነሳ ከጥላው ወጣህ።»

ሙሀመድኑር አፉን ያዘ።

«ሙሄ፣ ስማኝ» አለች ረቢአ። «እኔ የምቀመጠው ከሴቶቹ ጋር ነው። አንተ ከወጣህ ያቺ ልጅ ማን ይቀርላታል? የሷን አፍ ከአንተ በቀር የሚፈታ የለም።»

ከጓዳ አንድ ተምር አመጣች። ሥጋውን እሷ በላችው፤ ፍሬውን ሰጠችው።

«አፍህ ውስጥ ያዘው። ልትናገር ስትል ንከሰው።»

«ተምሩንስ?»

«ተምሩ ለብልህ ነው።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ይስቅ ነበር። «ሪድዋን ገመድ ገዝቷል አሉ» አላት።

ረቢአ ነጠላዋን አነሳች። እሷም ሰምታለች። የቃሲም ቤት የሚጠይቀው ካሳ አልነበረም። ኢክላስ ቀን ቀን ቤት ውስጥ ታስራ ትዋል ነው ያሉት።

ሙሀመድኑር የታሰረ ሰው ያውቃል። ፍየል ሊያይ ቆላ ወርዶ፣ አንድ ቤት ውስጥ ከምሰሶ ጋር የታሰረ ጎልማሳ አይቷል። ቤተሰቡ ክፉ አልነበረም፤ ያበሉታል፣ ያጥቡታል። ገመዱ የሚያርፍበት ቁርጭምጭሚቱ ከሌላው ቀጥኖ ነበር። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ሰውየው ግን ወደ በሩ አያይም። ሙሀመድኑር ያን ቀን ሳያወራ ተመለሰ። ከብት እንኳ ማታ ታስሮ ጠዋት ይፈታል።

ደግሞ ሌላ ፍርሃት ነበረው። ቃሉ የኔ ነው፣ ከኔ አፍ ነው የወሰደችው ቢል፣ እሳቱም የአንተ ነው ይሉታል። ከቃሲም ጋር ባሻሻጠው ጊደር ምክንያት አገር እየሰማ ተጣልተዋል። ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት።

ፍሬውን አፉ ውስጥ ጨመረና ኢክላስን ይዞ ወጣ።

ሰው የተሰበሰበው ከአስፋልቱ ዝቅ ብሎ፣ ትልቁ ዋርካ ሥር ነው። ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ በሌላ። ከላይ በኩል ወደ ደሴ የሚወጣ ከባድ መኪና ሲያልፍ መሬቱ ይንቀጠቀጣል። አበጋር ሙህዲን ግንዱን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ደህና ነው፤ ጆሯቸው ግን ከድቷቸዋል። ስለዚህ እሳቸው ፊት የሚናገር ሁሉ ይጮኻል። አገሩ ለምዶታል፣ ጩኸት መሆኑን እንኳ ረስቶታል።

ሙሀመድኑር አልረሳም። ተቀምጦ ዙሪያውን አየና ኢክላስን ወደ ራሱ አስጠጋት። እዚህ ጥላ ሥር ጮኾ መናገር አክብሮት ነው።

«አካም ቡልተኒ፣ አበጋር!» ይላል የሚመጣው ሁሉ፣ ድምፁን አንስቶ።

«ነጋ፣ አልሐምዱሊላህ» ይላሉ እሳቸው።

ፋቲሓ ተቀራ፣ ዱዓ ተደረገ። የቃሲም ልጅ ሪድዋን ተነሳና አዲስ ሰማያዊ የናይለን ገመድ መሐል ላይ አኖረ። ጎልማሳ ነው፣ ገና ያገባ፣ ትከሻው የሰፋ። ሙሀመድኑርን ሲያልፈው፣ «ምነው ወፍጮው፣ ዛሬ እህል አልገባበትም?» አለው ዝቅ ብሎ።

ሙሀመድኑር ፍሬውን ነከሰ።

አበጋሩ ዱላቸውን ለዓዲላ አስተላለፉ። ዓዲላ ቆማ ተናገረች። «ልጅቱን አልጠላትም! አላህ ያውቃል፣ ስንት ቀን እቤቴ በልታለች! ግን ጣራዬ ሣር ነው! ልጆቼ ሥሩ ይተኛሉ!»

እውነቷን ነበር። ሙሀመድኑር የከበደው እውነቷን መሆኑ ነው።

ዱላው ለቃሲም ደረሰ። ቃሲም ዝምተኛ ሰው ነው፤ ለአበጋሩ ብሎ ጮኸ። «በሬዎቼ ምን ይብሉ? ክምሬ ሄደ! ሰው ሁሉ ሰምቷል፣ ራሷ አምናለች! ዛሬ ክምር ነው፣ ነገ ቤት ቢሆንስ?»

ኢክላስ ከአጎቷ አጠገብ ቁጭ ብላ መሬቱን ታያለች። እጆቿ ከጭኗ ላይ ተነሱ። ጉንጯ ላይ ደረሱ። ሙሀመድኑር እጆቿ ሲወጡ ያያል፣ ወዴት እንደሚሄዱም ያውቃል።

አበጋር ሙህዲን ዱላውን መልሰው ተቀበሉ። «እንግዲህ እንጠይቃት። ሕጉ ይታወቃል። አንዴ ያመነ ደንግጦ ይሆናል፣ ሁለቴ ያመነ ተሳስቶ ይሆናል፣ ሦስቴ ያመነ ግን አምኗል።»

ጆሮው የከበደ ሰው የራሱም ድምፅ አይሰማውም። አበጋሩ ጮኸው ጠየቁ።

«ኢክላስ! ክምሩን ማን አቃጠለው?»

ኢክላስ ጆሮዋን ደፈነች። «እኔ ነኝ ያቃጠልኩት፣ በቃ!»

ጥላው ተናወጠ። ሁሉም ባንድ ጊዜ ያወራል፤ አንዱ ተነስቷል፣ አንዱ አንዱን ይጎትታል። አበጋሩ ቀኝ እጃቸውን አነሱ። ቃሉን ጎትተው፣ መጨረሻው ላይ ዝቅ አድርገው፣

«ዱላው ማን ጋር ነው?» አሉ።

በቢላ እንደተቆረጠ ጸጥ አለ። የቆመ ተቀመጠ። ኢክላስ ቀና ብላ አበጋሩን አየች። ሰው ፊት አታይም፤ ያን ጊዜ ግን አየች። ሙሀመድኑር ማየቷን አይቷል። ለምን እንደሆነ ግን አልገባውም፤ አፉ ውስጥ የተጠራቀመው ቃል ሐሳቡን ሞልቶት ነበር።

ዱላ የሚፈልግ ሰው መዳፉን ዘርግቶ ይጠብቃል። ሙሀመድኑር መዳፉን ዘረጋ። አበጋሩ ግን ወደ ሪድዋን ዞረው ነበር። ዱላው ለሪድዋን ተሰጠ።

«እኔ አንድ ነገር ልጠይቅ!» አለ ሪድዋን። «በጊደሯ ጊዜ ይኼ ሰውዬ ሦስት ቀበሌ እስኪሰማ አውርቷል! ላም ስትወልድ ያወራል፣ ላም ስትሞት ያወራል! ዛሬ የእህቱ ልጅ ተከሳ ለምን ዝም አለ? ያውቃላ! እሳቱን ያውቀዋል!»

ከወንዶቹ መሐል የሳቀ አለ። ያጉረመረመም አለ። ሙሀመድኑር ፍሬውን ነከሰ። ጥርሱ ተንቀጫቀጨ። መልሱ አፉ ውስጥ ተዘጋጅቶ ቆሟል፤ አንድ ብቻም አይደለም፣ እንደ ሰንበቴ በር ላይ እንደሚጋፋ ከብት ሁሉም ባንድ ጊዜ ሊወጣ ይገፋል። ከሴቶቹ በኩል ረቢአ ታየዋለች። ራሷን እንኳ አልነቀነቀችም። ብቻ ታየዋለች።

እጁ እንደተዘረጋ ነው።

አበጋሩ ዱላቸውን መልሰው ያዙ። «ኢክላስ! ሁለተኛ እጠይቅሻለሁ! ክምሩን ማን አቃጠለው?»

«እኔ ነኝ ያቃጠልኩት፣ በቃ! እኔ ነኝ ያቃጠልኩት!»

ይህን ስትል የሰዉ ጩኸት ይበልጥ ተነሳ። አንዲት ሴት አለቀሰች። ሪድዋን ጎንበስ ብሎ ገመዱን አነሳና ጫፉን መፍታት ጀመረ። ኢክላስ ወዲያና ወዲህ ትወዛወዛለች። ሙሀመድኑር ሊነሳ ጉልበቱን ሰበሰበ። አሁን ቢናገር ከጥላው ይወጣል። ባይናገር ሦስተኛው ይመጣል። አየር ሊስብ አፉን ሲከፍት ፍሬው ተንሸራትቶ በጉሮሮው ወረደ።

አሁን የሚነክሰው የለም። የጋቢውን ጫፍ ጠቅልሎ አፉ ውስጥ ጠቀጠቀ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ላቡ በአገጩ ወረደ። እጁን ግን አላጠፈም።

አበጋር ሙህዲን ለሦስተኛ ጊዜ ሊጠይቁ ዱላቸውን አነሱ። ሲያነሱ ዓይናቸው እሱ ላይ አረፈ። ዱላው አየር ላይ ቆመ።

«ይኼ ሙሀመድኑር አይደለም እንዴ?»

«እሱ ነው፣ አበጋር!» አለ ቃሲም።

«ታሟል?»

«ኧረ አልታመመም!»

«ታዲያ ምን ሆኖ ነው ዝም ያለው?»

ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከዳር የተቀመጠ አንድ ሽማግሌ፣ የሙሀመድኑር አብሮ አደግ፣ እጁን ዘርግቶ ዱላ ለመነና ሲፈቀድለት፣ «አበጋር፣ እኔ ይህን ሰው ሱጁድ ላይ እንኳ ዝም ሲል አላየሁትም!» አለ።

«ዝም ያለው የሚለው ስላለው ነው» አሉ አበጋሩ። «እጁም ተዘርግቷል። ስጡት።»

ዱላው እጁ ገባ። ሰው ሁሉ ተመቻቸ፤ ወፍጮው ሊነሳ ነው። ሙሀመድኑር ጋቢውን ከአፉ አወጣ። ኢክላስን አየ። መዳፎቿ ጆሮዋ ላይ ነጭ እስኪሆኑ ተጭነዋል። እሱ ከጮኸ ሦስተኛው የሚወጣው በእሱ ጩኸት ነው።

ተነስቶ ወደ አበጋሩ ሄደ። ተንበረከከና አፉን ወደ ጆሯቸው አስጠጋ። ማንሾካሾክ አያውቅም፤ መጀመሪያ የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው።

«አልሰማሁህም» አሉ።

ይበልጥ ተጠጋ፤ ከንፈሩ ጆሯቸውን ነካ። «አባቴ፣ አፉ ይበሉኝ። ወጥ አሳረርኩ። ሚስቴ ጮኸች። እኔ ነኝ ያቃጠልኩት፣ በቃ አልኩ። ጩኸቱ ቆመ። ልጅቱ ይህን ያዘች። ሰው ሲጮህ ይህን ትላለች። ዝም በሉ ማለቷ ነው። እዚህ ደግሞ ሁሉ ይጮኻል።»

በሕይወቱ ከዚህ ያጠረ ነገር ተናግሮ አያውቅም።

«ጆሮ ለጆሮ መነጋገር የት አገር ሕግ ነው?» ሪድዋን ገመዱን እንደያዘ ዘሎ ተነሳ። «ይናገር! እኛም እንስማ!»

አበጋሩ ቀኝ እጃቸውን አነሱ። «ዱላው ማን ጋር ነው?»

ሪድዋን እጁን አየ፤ ገመድ እንጂ ዱላ አልያዘም። ወደ አባቱ ዞረ። ቃሲም ዓይኑን ሰበረ። ሪድዋን ገመዱን ጥሎ፣ ከጥላው ወጥቶ ፀሐይ ላይ ቆመ።

አበጋሩ የሰሙትን ለሰዉ ተናገሩ። «ቃሉ የሷ አይደለም ይላል። ቃሉ የኔ ነው፣ ወጥ አሳርሬ የተናገርኩት ነው ይላል።»

ሙሀመድኑር የፈራው መጣ። «ቃሉ የሱ ከሆነ እሳቱም የሱ ነው!» አለ አንዱ ከቃሲም ወገን። «የጊደሯ ቂም ነው!» አለ ሌላው። «በእብድ አሳብቦ!» «ማነው እብድ ያልካት?» ሕግ ተረሳ። ወንዱም ሴቱም ተነሳ። የሙሀመድኑር ዘመድ የቃሲምን ዘመድ አንገትጌ ያዘ። በዚያው ላይ አስፋልቱ ላይ ከባድ መኪና ክላክሱን ለቀቀው።

ኢክላስ ብድግ አለች።

ሙሀመድኑር ምን እንደምትል አውቋል። እጁን አፏ ላይ ለማድረግ ሁለት እርምጃ ብቻ ይበቃው ነበር። እጁ ተነሳ። መልሶ አወረደው። አፏን ማሰርም ማሰር ነው።

ኢክላስ ቀኝ እጇን ወደ ላይ አነሳች። ቃሉን ጎትታ፣ መጨረሻው ላይ ዝቅ አድርጋ፣

«ዱላው ማን ጋር ነው?» አለች።

ጸጥ አለ። የቆመው ሁሉ እንደለመደው ተቀመጠ። አንገትጌ የያዘው ለቀቀ። ከተቀመጡ በኋላ ነው ወደ አበጋሩ ያዩት። አበጋሩ አፋቸውን አልከፈቱም ነበር።

«ማነው የተናገረው?» አሉ አበጋሩ። «ምን ተባለ?»

ጮኾ ሊነግራቸው የደፈረ የለም። ቆይቶ ቃሲም ተነሳ። ሄዶ ጎንበስ አለና በጆሯቸው፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ነገራቸው። «ልጅቱ ናት። ዱላው ማን ጋር ነው አለች።»

«እውነቷን ነው» አሉ አበጋሩ። «ማን ጋር ነው?»

ሙሀመድኑር ዱላውን ከፍ አድርጎ አሳየ። ሰው ሳቀ፤ ቶሎም ዝም አለ።

«እንግዲህ ዱላው ካንተ ዘንድ ነው፤ ንገረኝ። ያኛውን ቃል ለምን ተወችው?»

ሙሀመድኑር እንደገና በጆሯቸው ተናገረ። አሁን ግን ጸጥታ ስለነበር ሁሉም ሰማው። «አልሠራላትማ። ሁለቴ አለችው፣ ጩኸቱ ባሰ። ያንቱ ቃል ዝም ሲያሰኝ አየች። ወሰደችው።»

ሰዎች የአበጋር ሙህዲንን ክንድ ደግፈው አስነሷቸው። መጥተው ከኢክላስ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጡ። ድምፃቸው ምን ያህል እንደወጣ ስለማይሰሙ መዳፋቸውን ጉሮሯቸው ላይ አደረጉ፤ በእጃቸው እየለኩ፣ ዝቅ አድርገው ጠየቁ።

«ሦስተኛው ነው፣ ልጄ። ክምሩን ማን አቃጠለው?»

ኢክላስ መዳፎቿን ከጆሮዋ አንስታለች። አበጋሩን አላየችም። ገመዱን አየች፣ ከገመዱ አልፋ አስፋልቱን አየች። ዓዲላ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች። ሙሀመድኑር በሁለት እጁ ዱላውን ጨብጦ፣ መሬቱን ያያል።

«ወራጅ አለ» አለች ኢክላስ።

«ምን አለች?»

«ልሂድ አለች» አለ ሙሀመድኑር በጆሯቸው።

«ትሂድ» አሉ አበጋሩ። «ሦስተኛው አልተነገረም።»

ረቢአ ከሴቶቹ መሐል ተነስታ መጣችና ኢክላስን ይዛት ወጣች። ቃሲም ቆሞ ቀረ። «ታዲያ ክምሬን ማን አቃጠለው?» አለ። አልጮኸም። አበጋሩ ግን ከንፈሩን አይተው ገባቸው።

«አላህ ያውቃል። ባለቤት ያልተገኘለት እሳት የአገር ነው። አገዳ ያለው ሁሉ ከየክምሩ ሸክም ያምጣልህ። ያንንም ገመድ አገዳ እሰሩበት፤ ጥሩ ገመድ ነው። ልጅህንም ጥራው፣ ፀሐይ መታው።»

ፋቲሓ ተቀራ፣ ሰው ተበተነ።

የመጀመሪያውን ሸክም ያደረሰው ሙሀመድኑር ነው። ከራሱ ደጅ በሰማያዊው ገመድ አስሮ ተሸክሞ ቃሲም ግቢ አራገፈ። ገመዱን ቃሲም ፈትቶ ጠቅልሎ መለሰለት፤ ሁለተኛውን እንዲያመጣበት።

ወደ ማምሻው ላይ የሙሀመድኑር ደጅ በሰው ተሞላ። ሊሰማ የመጣ ነው። የተቆለፈበት የአንድ ቀን ቃል ሁሉ ወጣ። አበጋሩ እንዴት እንዳዩት፣ ሪድዋን እንዴት እንደወጣ፣ ጋቢው አፉ ውስጥ ምን ምን እንዳለ አወራ። እጁ ይወናጨፋል፣ ድምፁ ይወጣል።

«ፍሬውስ?» አለችው ረቢአ ከውስጥ።

«ዋጥኩት! ወላሂ ዋጥኩት! እንዲያውም ሲወርድ እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ፣ አንድ ጊዜ ሰንበቴ ላይ አንድ ወይፈን እንዲሁ...»

ኢክላስ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ቀኝ እጇን አነሳች።

«ዱላው ማን ጋር ነው?»

ሙሀመድኑር እጁን አየ። ባዶ ነው።

አፉን ዘግቶ ተቀመጠ።